አባቴ ለወንድሜ የሠራቸው ከበሮዎች

ባለፈው ሳምንት የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ላሠራ በምኖርበት በሚዛን ከተማ፣ ገበያው አጠገብ ወዳለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ገባሁ። አናጢው ኮላውን በጣሳ እያሞቀ ነበር። ያ የተቃጠለ ቀንድ የመሰለ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ ሲመታኝ የመጣሁበትን ጉዳይ ረሳሁት። ሰውየው «እህቴ፣ ቁመቱ ስንት ይሁን?» እያለ ይጠይቀኛል፤ እኔ ግን ቴፒ ነበርኩ፣ የአባቴ ሥራ ቦታ ደጃፍ ላይ፣ የመላጊያው ፍቅፋቂ ቁርጭምጭሚቴን ሸፍኖት።

አባቴ አናጢ ነው። በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር ሥራ ፍለጋ መጣ፤ የሸኮ ልጅ የሆነችውን እናቴን አገባና እዚያው ቀረ። በር፣ አልጋ፣ የሬሳ ሣጥን፣ የታዘዘውን ሁሉ ይሠራል። የሥራ ቦታው ከፊት፣ ቤታችን ከኋላ ነበር። በመካከላቸው ያለው አንድ የጣውላ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ እኔና ወንድሜ ያደግነው መጋዝ እየቀሰቀሰን ነው።

ልጆቹ እኛ ሁለታችን ብቻ ነን፤ እኔ በሁለት ዓመት እበልጠዋለሁ። በከተማው የወጣቶች ባንድ ውስጥ እኔ እዘፍን ነበር፣ እሱ ደግሞ ድራም ይመታል። ከድራሞቹ ሁሉ የሚወደው ስኔሩን ነበር፤ ከጉልበቱ ፊት የሚቀመጠውን ጠፍጣፋውን፣ ከሥሩ ቀጫጭን ጠመዝማዛ ሽቦ የተወጠረበትንና ሲመታ «ጨ!» የሚለውን። ምግብ ላይ ተቀምጦ እንኳ ጣቶቹ አያርፉም ነበር። እናቴ እጁን መታ እያደረገች «ትሪው ምን አደረገህ?» ትለዋለች።

የባንዱ ስኔር ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቀፎው፣ ማለትም ቆዳው የሚወጠርበት ክብ አካል፣ ስስ ስስ እንጨት ተደራርቦ በኮላ የተጣበቀ ኮምፔርሳቶ ነበር። የቴፒን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ አልጋ ልብስ እንኳ ይሻግታል። አንድ ክረምት ሙሉ የሚያፈስ መጋዘን ውስጥ ቆየና ንብርብሩ ተላቀቀ። ከዚያ በኋላ ሲመታ እርጥብ ካርቶን የመምታት ያህል ነበር። ወንድሜ ታቅፎት ወደ አባቴ አመጣው። አባቴ ገለበጠው፣ በጣቱ አንኳኳው፣ ጆሮውን አስጠጋ።

«ይሄ አልቆለታል» አለ። «ብረቱ ግን ደህና ነው። ቀፎውን እኔ እሠራልሃለሁ።»

«አባዬ፣ ድራም ሠርተህ ታውቃለህ እንዴ?»

«ሙቀጫ ሠርቻለሁ፣ በርሜል ሠርቻለሁ። ከሁለቱ አንዱ ነው።»

መጀመሪያ እንደ ሙቀጫ ሠራው። ከአንድ ወጥ የዋንዛ ግንድ ቆርጦ ውስጡን በመሮ ፈልፍሎ አወጣው። ግድግዳው የአውራ ጣት ውፍረት ሲደርስ ቆመ፤ ቆዳው የሚያርፍበትን ከንፈሩን ደግሞ በብርጭቆ ስባሪ እየፋቀ አለሰለሰው። የድሮውን ቀለበትና ቡሎን ገጠሙለት። ወንድሜ ዱላውን አንስቶ አንዴ መታውና እጁን አየር ላይ አስቀረ። ዋንዛ ቀላልና ለስላሳ እንጨት ነው፤ ድምፁ ወፈር ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ቶሎ የሚያርፍ ሆነ። ወንድሜ «አባዬ፣ ይሄ እኮ ያወራል!» አለ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ፍቅፋቂውን መጥረግ ጀመረ፤ ደስ ሲለው እንዲህ ነው።

ያን ሰሞን ማሻ ለሠርግ ተጠርተን ስንሄድ አባቴ አብሮን መጣ። ሁሉም ይጨፍራል፣ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ብርድ ነበረ፣ ከዳሱ ውጪ ጉሙ ወርዶ መንገዱን ውጦታል። እኔ ከፊት ሆኜ ስዘፍን አባቴን አየዋለሁ፤ ከኋላ ምሰሶ ተደግፎ ቆሞ የሚያየው ሙሽሮቹን ሳይሆን ከበሮውን ነበር።

ታኅሣሥ ሲገባና ፀሐዩ ሲበረታ ዋንዛው ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። አባቴ አፈረ። «ሳይደርቅ ቸኮልኩ» አለ። «ወጥ ግንድ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ መተንፈሻ ሲያጣ ይፈነዳል። አሁን እንደ በርሜል ነው የምሠራው።» የደረቀ የቀረሮ ጣውላ አምጥቶ በጠባብ በጠባቡ መሰንጠቅና ጎናጎኑን መላግ ጀመረ። እያንዳንዱን ቁራጭ ከጎረቤቱ ጋር እየገጠመ ወደ ብርሃን አንስቶ ያያል፤ ብርሃን ካሳለፈ ይመልሰዋል። ወንድሜ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በቀጥታ ወደዚያ ነበር የሚሄደው።

ገና ግማሹ እንኳ ሳይጣበቅ ወንድሜ ታመመ።

ወባ መስሎን ነበር፤ ቴፒ ሰው ሲያተኩሰው መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው። አንገቱ ሲደርቅና ሰው መለየት ሲያቅተው አባቴ መኪና ለምኖ ሚዛን ሆስፒታል አደረሰው። የማጅራት ገትር ነው አሉን። እናቴ አልጋው ሥር መሬት ላይ ተኝታ ከረመች። አንድ ጠዋት ዓይኑን ገልጦ ውኃ ጠየቀ፤ እናቴ እልል አለች፣ በክፍሉ ያሉ አስታማሚዎችም አገዟት። ወንድሜ የአፋቸውን መከፈት ዞር ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሶ «ለምንድነው ድምፅ የማታወጡት?» አለኝ።

ሐኪሙ ለአባቴ ነገሩን አላድበሰበሰበትም። በሽታው የውስጥ ጆሮውን ጎድቶታል፣ የሄደው አይመለስም አለው። አባቴ «ትንሽም አልቀረ?» ብሎ ሲለምነው፣ «ካለ እንኳ በጣም ኃይለኛ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ተስፋ ባያደርጉ ይሻላል» አለው። አባቴ ከዚያ ሁሉ ንግግር ይዞ የወጣው «ኃይለኛ ድምፅ» የምትለውን ብቻ ነበር።

ቴፒ በተመለስን ማግስት ወደ ቀረሮው ገባ። የታዘዙ በሮች ቆሙ። የቀፎውን ግድግዳ ካሰበው በላይ አወፈረው፣ ከንፈሩን እንደ ቢላ አሾለው። ውፍረቱ ቀፎው ራሱ እንዳይንቀጠቀጥና ምቱን ሳይውጥ እንዲመልስ ነው አለኝ፤ ሹልነቱ ደግሞ ቆዳው እንጨቱን በጥቂቱ ብቻ ነክቶ እንዲጮኽ። ኮላውን ቀብቶ በጎማ ጥብጣብ ጠፍሮ አሰረው። ዛሬ ሚዛን ውስጥ ከሩቅ ድራም ስሰማ ቀፎው ምን እንደሆነ ለመገመት እሞክራለሁ፤ ያን የተማርኩት በእነዚያ ቀናት ነው፣ ባልማረው ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ወንድሜን ሥራ ቦታው ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አስቀመጠው። «ስትሰማ እጅህን አንሣ» ብሎ በምልክት ነገረው። ከኋላው ቆሞ መታ። ቀረሮ ከባድ እንጨት ነው፤ ድምፁ ስለታም፣ ደረቅ፣ አጥንት የሚገባ ሆኖ ወጣ። የጎረቤት ውሾች ጮኹ፣ የሰፈር ልጆች በር ላይ ተሰበሰቡ። አባቴ ደጋግሞ መታ፤ ላቡ በአንገቱ ይወርዳል። ወንድሜ ቀጥ ብሎ፣ መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ሲጠብቅ ቆየ። መጨረሻ ላይ ዞር ሳይል፣

«አባዬ፣ ጀመርክ?» አለ።

ያን ዕለት ማታ እናቴ እራት አልበላችም። «ተው በለው እባክሽ» አለችኝ። «እኔን አይሰማኝም። ልጄን ጆሮውን ስንት ጊዜ ያስቀብረዋል?» እኔም ሄጄ ተው አልኩት፤ አልተወም። እንጨት ድምፅ ይበላል፣ ብረት ግን አይበላም አለኝ። ከአንድ ጋራዥ ሰውዬ ጋር ሆኖ ከወፍራም የብረት ቧንቧ ቀፎ አስቆረጠ፣ ጫፉን አስሞረደ፣ ቡሎኖቹን አስገባ። እንጨት በእጁ ይታዘዝለት የነበረው ሰው ብረቱን ሲይዝ እንግዳ ይመስል ነበር። ጣቶቹ ተቆራረጡ።

በሌላ እሑድ እንደገና ተሰበሰብን። ፀሐይዋ አዘቅዝቃ በበሩ ገብታለች። ወንድሜ እንደ በፊቱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀምጧል። አባቴ የብረቱን ከበሮ ሲመታ ጣሪያው ላይ ያለው ቆርቆሮ አብሮት ጮኸ። የብረት ድምፅ እንደ እንጨት አያርፍም፤ ተመትቶ ካበቃም በኋላ ጥርስ ውስጥ ይቀራል። እኔ ጆሮዬን ይዣለሁ።

ወንድሜ እጁን አነሣ።

አባቴ ዱላውን አጥብቆ ጨበጠ። ደግሞ መታ፤ ወንድሜ አነሣ። ቆም ብሎ ቆየና መታ፤ አሁንም አነሣ። እናቴ ከጓዳ ሮጣ መጥታ ደጃፉ ላይ በጉልበቷ ወደቀች። አባቴ ልጁን ከኋላው አቅፎ ማጅራቱን እየሳመ፣ «አለ! ትንሽ አለ!» ይል ነበር። እኔም አለቀስኩ። በዚያ ዓመት ከልቤ የተደሰትኩት ያን ዕለት ብቻ ነው።

አባቴ በማግስቱ አዲስ አበባ ይዞት ለመሄድ ተነሣ። ትንሽ ካለ እዚያ ያሉት ያወጡታል አለ። የኤሌክትሪክ መላጊያውን የሚገዛው ሰው አገኘ። እናቴም ከአባቷ የደረሳትን የቡና መሬት ለመሸጥ ተስማማች፤ ያ መሬት ከእጅዋ ሲወጣ ምን እንደሚቀራት ሁላችንም እናውቅ ነበር። ቤቱ ግን ደስ ብሎት ነበር። አባቴ እየሠራ ያፏጫል።

የመሬቱን ሽያጭ ለመፈራረም በተቀጣጠሩበት ሳምንት፣ አንድ ከሰዓት ከባድ ዝናብ ጥሎ አባራ። ቤት ውስጥ እኔና ወንድሜ ብቻ ነበርን። እኔ ለመንገድ የሚይዘውን ሸሚዝ እተኩሳለሁ። እሱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ ቆየና ተነሥቶ መጣ። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ፤ ፊቱን ሳይ የሚያንሾካሹክ መስሎት እንደነበር ገባኝ።

«ምንም አልሰማሁም» አለ። «ጥላውን አይቼ ነው። እጁ ሲነሣ ግድግዳው ላይ ይታያል። አባዬ አሳዘነኝ።»

ድምፁን መመጠን ካቃተው ቆይቶ ነበር፤ ቤቱን ሞላው። በጣውላው ግድግዳ ማዶ መላጊያው ይሄድ ነበር፤ ቀጥ አለ። እኔ ካውያውን ሸሚዙ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። ወንድሜ ፊቴን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ እንደገና ፊቴን አየ።

«ጮኼ ነበር እንዴ?» አለኝ፤ ይህንንም ጮኾ።

አባቴ ገባ። ቅንድቡ ላይ የእንጨት ብናኝ ነበር። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ልጁን እጁን ይዞ ጎትቶ አጠገቡ አስቀመጠው። ወንድሜ «አባዬ፣ ይቅርታ፣ አባዬ» ይላል፤ አባቴ ራሱን ይነቀንቃል። ሸሚዙ በካውያው ሲቃጠል ሽታው ነው ያነቃን።

መሬቱ አልተሸጠም። ከዓመት በኋላ አዲስ አበባ ወስደነው ነበር፤ ያው ሚዛን ላይ የሰማነውን ደገሙልን። የምልክት ቋንቋ የሚያስተምር ሰው በከተማችን ፈልገን አጣን፤ እርስ በርሳችን የምንግባባበትን ራሳችን እንደሆነልን ፈጠርን። የቀረሮውን ከበሮ ባንዱ ወሰደው። ባንዱ ውስጥ ሌላ ልጅ ተተካ፤ ጎበዝ ነበር፣ ቀረሮውም በእሱ እጅ ያምርበት ነበር። ትንሽ ጊዜ አብሬው ዘፈንኩ። ዘፈን የምገባበትን ምልክት ለማየት ወደ ኋላ ዞር ስል የማየው ፊት የወንድሜ አለመሆኑን ልለምደው አልቻልኩም፤ መዝፈን ተውኩና ስፌት ተማርኩ።

ወንድሜ አሁን ትልቅ ሰው ነው። ከአባቴ ጋር በርና መስኮት ይሠራል። ደንበኛ ሲመጣ አባቴ ያነጋግራል፣ እሱ ይለካል። በፊት ብዙ ያወራ ነበር። ሰዎች ሲሳሳቁ፣ ልጆች አፋቸውን እንደሱ ሲያጣምሙ አየና ቀነሰ። ቃላቱም ለራሱ ስለማይሰሙት ቀስ በቀስ ጫፍ ጫፋቸው እየተበላ ሄደ። ዛሬ የሚናገረውን የሚረዳ ከቤተሰብ ውጪ ሰው የለም፤ አባቴ ራሱ አንዳንዴ ወደ እኔ ዞሮ «ምን አለ?» ይለኛል።

ለፋሲካ ቴፒ ሄጄ ነበር። ከምሳ በኋላ ጓሮ ተቀምጬ ከእናቴ ጋር ስጨዋወት ወንድሜ ረጅም ጣውላ ሊወስድ መጣ። አንዱን ጫፍ አንሥቶ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ ጠራኝ። ልጅ ሆኖ አፉን ከፈታ ጀምሮ እቴቴ ነው የሚለኝ፤ ከዚያ ቃል ዛሬ የቀረው «ኤ–ኤ» የሚል ነገር ብቻ ነው።

«አቤት» አልኩት።

ደግሞ ጠራኝ።

«አቤት፣ መጣሁ» አልኩ፣ ነጠላዬን እየሰበሰብኩ። ሦስተኛ ሲጠራኝ ደርሼ ትከሻውን ነካሁት።