ሜሞሪውን ያስገደድኩበት ግንቦት

ልጆቼን ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ። ይህን ስጽፍ ላሳምረው አልሞክርም። እኔን አባቴ በአለንጋ መታኝ፤ እኔ ልጆቼን በቀበቶ መታሁ። ሆሳዕና እኛ ሰፈር ያልመታ አባት ልጁን እንደጣለ ይቆጠር ነበር። እኔ ሀዲያ ነኝ፣ ባለቤቴ ከምባታ፤ ስለዚህ ከልጆቻችን ጋር የምንነጋገረው በአማርኛ ነው። ስቆጣ ግን ወደ ሀዲይሳ እመለስ ነበር። ልጆቼ የአባታቸውን ቋንቋ በአብዛኛው የተማሩት ከቁጣዬ ነው። ከሚያሳፍሩኝ ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ሬዲዮ መጠገን በራሴ ለመድኩ፤ ቀጥሎ ቴፕ፣ ቀጥሎ ቴሌቪዥን። ኮምፒውተር ወደ ከተማችን ሲገባ መመሪያውንና መዝገበ ቃላቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ገጽ በገጽ አነበብኩ። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ሳሎናችን ውስጥ በገዛ እጄ ገጣጠምኩት። ትዕቢት ኃጢአት መሆኑን በየእሑዱ እየሰማሁ በዚያ ሣጥን እታበይ ነበር።

መግጠም ብቻ አልበቃኝም። ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ላስሮጠው ፈለግኩ። ያተኮርኩት ሜሞሪው ላይ ነበር፤ ማሽኑ እየሠራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል ነው። ሜሞሪ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለው። አንዱ ፍጥነቱ ነው፤ የኔው ስድስት መቶ ስድሳ ሰባት ነበር። ሌሎቹ የመጠበቂያ ቁጥሮች ናቸው፤ አምጣ የተባለውን ከማቀበሉ በፊት ስንት የማሽን ምት እንደሚጠብቅ ይወስናሉ። የኔው በአምስት ይጀምር ነበር። ፍጥነቱ ሲጨምር እያንዳንዱ ምት ያጥራል። ስለዚህ ፍጥነት የጨመረ ሰው ለሜሞሪው የሚጠብቅበትን ምት ሊተውለት ይገባል፤ መጠበቂያውን የቀነሰ ደግሞ ፍጥነቱን ባይነካ ይሻለዋል። በወረቀት አስልቼዋለሁ። በስድስት መቶ ስድሳ ሰባት አራት ምት መጠበቅና በስምንት መቶ አምስት ምት መጠበቅ በጊዜ ሲለኩ ልዩነታቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንዱን መርጦ ማረፍ የአስተዋይ ሰው ሥራ ነበር። እኔ ሁለቱንም ፈለግኩ፤ ስምንት መቶ፣ በአራት። አልነሣም ሲለኝ ቮልት ጨመርኩበት። ተነሣ።

"አየሽ?" አልኳት ባለቤቴን። "ሁሉም ነገር ሲጫኑት ይታዘዛል።"

"እስኪፈነዳ ነዋ" አለችኝ ሳህን እያጠበች።

እንዲህ ያለ ሥራ መፈተን አለበት። ለዚህ የተሠራ ፕሮግራም አለ፤ የሜሞሪውን እያንዳንዱን ክፍል እየጻፈ፣ መልሶ እያነበበ ይመረምራል፤ ስሕተት ካገኘ ቀይ መስመር ያወጣል። ብዙ ሰዓት መሮጥ አለበት፤ ድካሙ የሚታወቀው ማሽኑ ሲግል ነውና። በዚያ ግንቦት ግን መብራት በፈረቃ ነበር። ጠዋት ይመጣል፣ ብዙም ሳይቆይ ይሄዳል። አንድ ዙር እንደጨረሰ ጠፋ። በማግስቱ ደገምኩት፤ አንድ ዙር ጨርሶ ጠፋ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ሦስቱንም ጊዜ የጀመርኩት ከቀዝቃዛ ማሽን ነው። ሦስቱን ደምሬ ደብተሬ ላይ "አልፏል" ብዬ ጻፍኩ። ሦስት አጫጭር ሙከራዎች ተደምረው አንድ ረጅም ሙከራ እንደማይሆኑ ማወቅ አይከብደኝም ነበር። ማወቅ አልፈለግኩም።

ትልቋ ልጄ በዚያ ዓመት የኮሌጅ መመረቂያ ጽሑፏን ትሠራ ነበር፤ ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ። በሾኔና በዳምቦያ ዙሪያ ከጓሮ ጓሮ እየዞረች ገበሬውን ጠይቃ ቅጽ እየሞላች የሰበሰበችው መረጃ ነው። ማስረከቢያው ሰኔ መጀመሪያ ነበር፤ ያኔ ያላስረከበ ሌላ ዓመት ይጠብቃል። የጻፈችው ሁሉ ያለው በዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። እኔ ደግሞ ሕግ አውጥቼ ነበር፤ ከውጭ የመጣ ፍላሽ እዚህ ማሽን ላይ አይሰካም። ያኔ ቫይረስ የሌለበት ፍላሽ ከተማው ውስጥ ማግኘት ይቸግር ስለነበር ሕጉ በራሱ ክፉ አልነበረም።

አንድ ቀን መብራት እንደ ተአምር ሳይጠፋ ዋለ፤ እሷም ከጠዋት ጀምሮ ስትጽፍ ዋለች። አሥር ሰዓት ላይ ከሥራ ስገባ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ አገኘኋት።

"ምን አደረግሽው?"

"ምንም! እየጻፍኩ ድንገት ቆመ። ሳስነሣው ፋይሉ እሺ አላለኝም። አባባ፣ እስቲ እየው፤ ሰባ ገጽ ነው።"

አየሁት። ጽሑፉ የጥያቄ ምልክትና የባዶ ሣጥን መንጋ ሆኗል። ዓይኔ ወደ ሣጥኑ ወረደ። ቀይ ፍላሽ ተሰክቶበታል።

"ይሄ የማነው?"

"የጓደኛዬ ነው። ቅጂ ላስቀምጥ ብዬ፣ ገና ሳልቀዳ..."

"ምን ብዬሽ ነበር?"

"ለጥንቃቄ እኮ ነው አባባ፣ አንተ ራስህ..."

"ምን ብዬሽ ነበር!"

የኤሌክትሪክ ገመዱን ከግድግዳውና ከሣጥኑ ጀርባ ነቀልኩት። ጥቁርና ወፍራም ነው፤ ጫፉ ላይ ከባድ የሶኬት ራስ አለው። ቀላሉን ጫፍ መጠቀም እችል ነበር፤ አልተጠቀምኩም። ጀርባዋን መታሁ፣ ትከሻዋን መታሁ፣ ስትወድቅ ጎድኗን መታሁ። ከእያንዳንዱ ምት ጋር አንድ የሀዲይሳ ስድብ አወጣሁ። ባለቤቴ ከጓሮ እየሮጠች ገባች።

"አንተ ሰውዬ፣ ልትገድላት ነው?"

መካከላችን ስትገባ በክርኔ ገፋኋት፤ ከቁም ሣጥኑ ጋር ተጋጭታ ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ልጄ ፊቷን ለመከለል ቀኝ እጇን አነሣች። የሶኬቱ ራስ እጇ ላይ ሲያርፍ ደረቅ ድምፅ ተሰማ። ሦስታችንም ሰማነው። ያኔ ቆምኩ፤ ቆምኩ እንጂ አላዘንኩም። ላቤን እየጠረግኩ "አሁን ትማሪያለሽ" ነው ያልኳት።

ጤና ጣቢያ ሲጠይቋት "ወድቄ ነው" አለች። ነርሷ ጀርባዋን አየች፣ እኔን አየች። እጇን በጄሶ አሰሩላት። ልጄ ከዚያ ወደ ቤት አልተመለሰችም። ገበሬዎቹን እየጠየቀች የሞላቻቸውን ቅጾች እናቷ በፌስታል ይዛላት ዳምቦያ ወደ አክስቷ ቤት ሄዱ። ማስረከቢያው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ጽሑፍ የላትም፣ የምትጽፍበት እጅም የላትም።

እኔ ቫይረሱን ላጠፋ ተቀመጥኩ። ዲስኩን ፎርማት አድርጌ ሁሉን እንደገና መጫን ጀመርኩ። መሀል ላይ አንድ ፋይል መቅዳት አልተቻለም አለኝ። ሲዲው ተጭሯል ብዬ ሌላ ተዋስኩ። በሌላ ፋይል ላይ ቆመ። ሦስተኛ ሲዲ አመጣሁ፤ እሱም በሌላ።  ዲስኩ ባዶ ነው። ፍላሽ የለም። ቫይረስ የሚደበቅበት ቦታ የለም። ሜሞሪውን ወደ ፋብሪካው ቁጥር መለስኩት፤ ያው ሲዲ አንዴም ሳይቆም ጫነ።

ቅዳሜ ዕለት መብራት ሳይሄድ ስለዋለ ልቤ እንዲያርፍ ብዬ ወደ ስምንት መቶ በአራት መልሼ መፈተኛውን ለቀቅኩት። በሁለተኛው ሰዓት የመጀመሪያው ቀይ መስመር ወጣ። ከዚያ ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ። ሣጥኑን አንሥቼ ከግድግዳ ጋር ልላትመው እጄ ተነሣ። ግን እሱ ምን አደረገ? የማይችለውን አዘዝኩት፤ ሲያቅተው ልጄን መታሁ።

በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት ሽማግሌዎች ልጄን ከዳምቦያ አስመጥተው ቤቴ ገቡ። በኛ ሰፈር አባትና ልጅ ሲጣሉ ሽማግሌ የሚመጣው ጥፋቱን ለማጣራት አይደለም። አጥፊው ማንም ይሁን ማን፣ ተንበርክኮ ጉልበት የሚስመው ልጅ ነው።

"ፍላሽ አስገብተሻል?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

"አስገብቻለሁ።"

"አባትሽ ከልክሎሽ ነበር?"

"ከልክሎኝ ነበር።"

"እንግዲህ አለቀ።"

ሁለተኛው ወደ ሣጥኑ በአገጫቸው እያመለከቱ "ይሄንን ጣጣ ማን አምጣ አለህ? ሬዲዮ አይበቃህም ነበር?" አሉ፤ ሦስቱም ሳቁ።

አፌን ልከፍት ይገባኝ ነበር። ልጄ ተንበረከከች። ሚዛኗን ስትጠብቅ ጄሶው ቅልጥሜን ነካው። ጉልበቴን ሳመች። እኔም "ይቅር ብያለሁ" አልኩ። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ክፉ ነገሮች ገመዱን ሁለተኛ አደርገዋለሁ፤ አንደኛው ይህ ቃል ነው።

እዚህ አላድርም ስላለች መናኸሪያ ሸኘኋት። ሚኒባሱ ጋ ስንደርስ ዝም ማለት አልቻልኩም።

"ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም" አልኳት። "ሜሞሪው ነው። እኔ ነኝ።"

ቆመች። "ያ ስምንት መቶ ያልከው?"

"አዎ።"

"መቼ አወቅህ?"

"ትናንት።"

"ትናንት" አለች፤ እጇን እያየች። "እና ዛሬ ጉልበትህን ሳምኩ።"

ረዳቱ "ዳምቦያ! ዳምቦያ የቀረ! አባት፣ ይሳፈራሉ ወይስ መንገድ ይለቃሉ?" ብሎ ጮኸብኝ። መንገድ ለቀቅኩ።

ትልቁ ሽማግሌ ቤት ሄጄ ሁሉን ተናገርኩ።  "አባት ለልጁ ይቅርታ አይጠይቅም" አሉኝ። "ይሄ ወሬ ከወጣ ነገ የኔም ልጅ ማጣራት ይጀምራል። ዝም በል።"

ዝም አላልኩም። በሚቀጥለው እሑድ ጠዋት ሦስቱንም የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አቁሜ፣ ሰው እየሰማ፣ አጥፊው እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። አንዳቸው እየተናገርኩ ጥለውኝ ገቡ። ከዚያ ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሚኒባስ ላይ ጫንኩና ዳምቦያ ወረድኩ። የባለቤቴ እህት በር ላይ እንሰት ትቆርጥ ነበር፤ ገጀራው እጇ ላይ ነው።

"እዚህ ግቢ ውስጥ ድምፅህን ከፍ አድርግና በዚህ ነው የምልህ" አለችኝ። የምትቀልድ አልነበረችም፤ እኔም አልተቆጣሁም።

ልጄ ወጣች። ጥቅሉን አየችው እንጂ እኔን አላየችኝም።

"ስንት ላይ ነው?"

"ፋብሪካው ያስቀመጠበት ላይ።"

"ፈትነኸዋል?"

"ሙሉ ቀን። አንድም ቀይ የለም።"

"ልጻፍልሽ፣ አንቺ እየነገርሽኝ" ልላት ነበር የመጣሁት። ገና "ልጻፍ..." ስል በግራ እጇ ወደ ጠረጴዛው አመለከተች።

"እዚያ አስቀምጠውና ሂድ።"

አስቀመጥኩት፤ ሄድኩ። ዳምቦያ ውስጥ ለጠላት እንኳ ውኃ ይሰጣል፤ ለኔ ማንም አልሰጠኝም፤ አልጠየቅኩምም። ልጄ ከቅጾቹ እያየች ሰባውን ገጽ በግራ እጇ እንደገና ጻፈችው፤ በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል። ቁጣን ትምህርት እያሉ ለሚጠሩ አባቶች የምነግራቸው ይህን ነው፤ ልጄ የጻፈችው እኔ ስላስተማርኳት ሳይሆን ከእኔ ስለራቀች ነው።

በመጨረሻው ቀን፣ ኮሌጁ ሊዘጋ ሲል አስረከበች። የነገረችኝ እናቷ ናት።