በተቅማጥ የቀናችው አክስቴ

ዛሬ ከሆሳዕና ከተማ ሆስፒታል የጡቴ ምርመራ ውጤት መጣ፤ ካንሰር አይደለም።

«ተመስገን» ይላል ብዬ ስጠብቅ አባዬ «ቀናሁብሽ» ብሎኝ የውጤት ወረቀቱን እንደያዘ ፊቱን አዞረ።

ለካ በጃንሆይ ጊዜ ኮሌራ ሲገባ ታላቅ እህቱ ጡቷ ላይ እብጠት ነበረባት። ከመንደራቸው ከፎንቆ ወደዚሁ ሆስፒታል በፈረስ ጋሪ ይዟት ቢመጣም፣ ላብራቶሪው የሚቀበለው የኮሌራ ናሙና ብቻ ነበር። «ወረርሽኙ ይለፍና ተመለሱ» ተባሉ።

እሷም ቀድመዋት የሚገቡትን እያየች «የእነሱ ተቅማጥ ከእኔ ጡት ይበልጣል?» ብላ አለቀሰች።

(በተቅማጥ የሚቀና ሰው ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የእኔ አክስት ቀንታለች።)

ኮሌራው አለፈ። ሲመለሱ «ካንሰር ነው፤ ዘግይታችኋል» ተባሉ።

አባዬ የውጤት ወረቀቴን እስካሁን አልመለሰልኝም።

በኮሮና ጊዜ ከቤታችሁ «ይለፍና ተመለሱ» የተባለ አለ? ጻፉልኝ፣ አነብለታለሁ። ብቻውን እንዳይቀና።