የአንድ ግቢ ዜና

ትናንት መናኸሪያው አጠገብ ካለ ሱቅ ደጃፍ፣ ያለቀ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ አየሁ። የጋለ ቆርቆሮ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ይገርምሃል፣ ምንም አልተሰማኝም፤ ብቻ ቆምኩ።

የኛም እንዲሁ ነበር የሚሞቀው። ዲላ ያደግሁበት ግቢ ሁለት ቤት ነበረው፤ አንዱ የኛ፣ አንዱ የጎረቤታችን የጡረተኛው መምህር። ሬዲዮው ግን አንድ ነው። አመሻሹ ላይ አባቴና መምህሩ በረንዳችን ላይ ሆነው ያዳምጣሉ። በአቅራቢያችን ስላሉት ስለ ገደብ ወይም ስለ ቡሌ ከተሞች ከተወራ፣ በማግስቱ መናኸሪያ ወርደው ከዚያ የመጣ ተሳፋሪ ካልጠየቁ አያምኑም ነበር። "ያየ ሰው ይንገረን እንጂ!" ይሉ ነበር መምህሩ።

በኋላ አባቴ ዲሽ አስተከለ። ለመምህሩም ልጃቸው ስልክ ላከችላቸው። የአባቴ ጣቢያ ላይ ሁሌ ሰላም ነው፤ የመምህሩ ስልክ ላይ ሁሌ አገር ይቃጠላል። መናኸሪያ መውረዱ ቀረ። እኔ በሁለቱ መስኮት መሃል ልብስ እያሰጣሁ ሁለት አገር እሰማ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ገደብ ሁከት ተነሣ ተባለ። እናቴ እዚያው ገበያ ውላ፣ አቧራ እንደለበሰች ገባች።

"ሁለት ሱቅ ተቃጥሏል። ሽማግሌዎች ገብተውበት በርዷል" አለች።

"ምንም የለም ተብሏል እኮ!" ብሎ ተቆጣ አባቴ።

መምህሩ ስልካቸውን ዘረጉላት። "ከተማው አልቋል፤ ይኸው ምስሉ። አንቺ አላየሽም።"

"ኧረ በስመአብ! ከዚያው ነው የመጣሁት!"

ማንም አልሰማትም። መምህሩ ነገ እሳቱ ዲላ ይደርሳል ብለው ፈሩ፤ አባቴ ሰው ፊት "ወሬ አናፋሽ" አላቸው። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም። ወር ሳይሞላ መምህሩ ቤታቸውን ሸጠው ሐዋሳ፣ ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ተነሡ። የስንት ዘመን ወዳጅነት! እስከዛሬ አላለቀስኩበትም፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ዕቃቸው አይሱዙ ላይ ሲጫን አባቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ነበር።

"ውጣና ተሰናበታቸው እንጂ" አለችው እናቴ።

"ቆይ፣ ዜናው ይለቅ።"

መምህሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው በራችን ድረስ መጡ። "ጓደኛዬስ?"

"ትንሽ አሞት ተኝቷል፣ ጋሼ" አለቻቸው እናቴ።

የዜና አንባቢው ድምፅ በመስኮት ወጥቶ ግቢውን ሞልቶት ነበር። መምህሩ ወደ መስኮቱ አይተው ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ።

"እግዜር ይማረው" አሉ። "እንዳትቀሰቅሱት።"