እትዬ ዲሪቤና የጨው ላስቲክ

እኔ ሰቦቃ ሥጋ ቆራጭ ነኝ። መቱ ላይ ሠላሳ ዓመት ከብት አርጃለሁ። በከብት ሆድ ውስጥ ያላየሁት ነገር የለም እያልኩ እፎክር ነበር። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው!

እትዬ ዲሪቤ ጎረቤቴ ናቸው፤ ቅቤ ነጋዴ። ጣሊያን በወጣ በሁለተኛው ዓመት ባላቸውን ቀብረው፣ አንዲት ልጃቸውን ሻሽቱን ቅቤ እየሸጡ ብቻቸውን አሳደጉ። ከእጃቸው ምንም ነገር አይባክንም። የጎበጠ ምስማር ያቃናሉ፣ የገመድ ቁራጭ ይቀጥላሉ። «እትዬ ዲሪቤ መሬት ላይ ያረፈውን ጥላቸውንም አጥፈው ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣሉ» እያልኩ አበሽቃቸዋለሁ። «እርስዎ ምን አለብዎት፣ አጥንት ለውሻ እየወረወሩ መኖር ነው» ይሉኛል።

በእኛ አገር የዕቃ መጠቅለያው ቅጠል ነበር። ቅቤውም ጨውም በኮባ ቅጠል ይጠቀለላል፤ ጨዉ ሲያልቅ ቅጠሉ ለላም ይሰጣል። ላሟ ጨዉን ልሳ ልሳ ቅጠሉንም ትበላዋለች። ወተት ይጨምራል ይባላል። አባቶቻችን ያደረጉት ነው፤ እኔም አድርጌዋለሁ።

ኋላ ባለሱቁ ሙሐዲን በጭነት መኪና የመጣ ጨው በላስቲክ ከረጢት መሸጥ ጀመረ። ዘጠኝ ወር በሚዘንብበት አገር ጨው የማያሟሟ ነገር ሲመጣ ማን ይጠላዋል? አንዱ ባዶውን ላስቲክ ለዝናብ ራሱ ላይ ያጠልቀዋል፤ ሌላው እርጥብ እንጨት ያያይዝበታል። ያ ጥቁር ጭስ ቤቱን ሞልቶት ልጅ አዋቂው ሲስል «ብርድ ነው» እንባባላለን። የቀረው ጎርፍ ይዞት ወደ ሶር ወንዝ ይወርዳል። ቁጥቋጦው ላይ ተንጠልጥሎ ክረምቱ ያልፋል፣ በጋው ያልፋል፣ እሱ ንቅንቅ አይልም። እውነቱን ለመናገር አላማረኝም፤ ግን ሥጋ ቆራጭን ማን ምክር ይጠይቃል?

በስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ሻሽቱ በወሊድ ሞተች። የአራስ ልጇ ዓያንቱ በአያቷ እጅ ቀረች። በሰፈሩ የምታጠባ ሴት ጠፋች፤ ያቺን ሕፃን ያቆማት የእትዬ ዲሪቤ ላም የቡሬ ወተት ነው። ቡሬ ከነጠፈች ዓያንቱም አለቀላት፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

አንድ ቀን በደጃቸው ሳልፍ የጨው ላስቲክ ለቡሬ ሲያቀርቡላት አየሁ። ላሟ ላሰች፣ ላሰች፣ ከዚያ ስባ አፏ ውስጥ አስገባችውና ዋጠችው።

«አዩዋት፣ ጋሼ ሰቦቃ? ምንም አይባክን!» አሉኝ ደስ ብሏቸው። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትጨርሰው።»

«እርስዎ እኮ ድንጋይም ያበሏታል» አልኩና ስቄ አለፍኩ። ያን ሰሞን ከአንድ በሬ ጨጓራ ውስጥ የላስቲክ ቁራጭ አውጥቼ ነበር። ነገሩ ትዝ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ግን ሳቄ ቀደመኝ።

ግንቦት ላይ ቡሬ ማመስኳት አቆመች። ሆዷ በግራ በኩል ተነፋ፤ ቅጠል ሲያቀርቡላት ፊቷን ታዞራለች። አንዱ ዓይን ነው አለ፣ አንዱ ጸበል ይረጭባት አለ። በስድስተኛው ቀን ወደቀች። ሽማግሌዎች «ነፍሷ ሳይወጣ ትታረድና ሥጋው ለጎረቤት ይመደብ፤ ገንዘቡ ለሕፃኗ መርጃ ይሁን» አሉ። ቢላዋ ይዤ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ጨጓራውን ለማጠብ ብቻዬን ወደ ወንዙ ወረድኩ። እንደ ድንጋይ ከብዶኛል። ስቀደው ፈርሱ መሐል የሰው ራስ የሚያህል ነገር አገኘሁ፤ ላስቲክ በላስቲክ ላይ ተጠማዞ ጠጥሯል፣ ቢላዬ እንኳን እምቢ አለው። አንዱን ጫፍ ጎትቼ በውኃ አጠብኩት። ያ ሁሉ ወር ሆድ ውስጥ ከርሞ አልተቀደደም፣ የጨው ከረጢቱ ጽሕፈት እንኳን አልጠፋም። ያ ዋቅ፣ አምላኬ!

እንግዲህ ምን ልበላቸው? ልጃቸውን ከቀበሩ ገና መንፈቅ አልሞላም። «የልጅ ልጅዎን ጉሮሮ በገዛ እጅዎ ዘጉት» ልበላቸው? አልቻልኩም። ያን እርጉም ነገር ወንዙ ውስጥ ወርውሬ ተመለስኩ።

«ምን አገኙባት?» አሉኝ።

«አንጀቷ ተጠማዞ ነው። የእግዜር ሥራ ነው፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ይሁን፤ እሱ ያመጣው ነው» አሉና እንባቸውን ጠረጉ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ያን ማታ እራቴን በላሁ።

ጎረቤት በየተራ ወተት እያዋጣ ሕፃኗን አከረማት። አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይቀራል፤ የዓያንቱ ክንድ ቀጥኖ እንደ ሸንበቆ ሆነ። ሐምሌ ላይ የእትዬ ዲሪቤ ወንድም ጅራታ ከዳሪሙ በእግሩ ጭቃውን እየረገጠ አንዲት ላም ከነጥጃዋ ነድቶ መጣ። ያለችው እሷው ብቻ ናት፤ «ከእንግዲህ እኔም የለኝ፣ እናንተም ጠብቋት» ብሎ አስረክቦ ሄደ። ሰፈሩ እልል አለ። እኔ ግን ደጃፋቸውን ሸሸሁ። ባየኋቸው ቁጥር ያ ውሸት ትዝ ይለኛልና በጓሮ በኩል መመላለስ ጀመርኩ።

መስከረም አጋማሽ ላይ ራሳቸው መጡ። ዓያንቱን አዝለዋታል። ጉንጯ ሞልቷል፣ ሳቅ ጀምራለች።

«ጋሼ ሰቦቃ፣ ምነው ጠፉ? እስቲ ይምጡና ላሟን ይዩልኝ።»

ተከትያቸው ሄድኩ። ላሟ አጥሩ ሥር ቆማለች። አጠገቧ ባለው እንጨት ላይ የላስቲክ ቋጠሮ ብቻ ታስሮ ቀርቷል፤ ሌላው የለም።

«ሙሐዲን አዝኖልኝ ባዶ ባዶውን በነጻ ይሰጠኛል» አሉ። «እንደ ቡሬ ነው የምትወደው። እኔም አንድ አላስቀረሁባት፤ ወተቷ እንዳይቀንስ ብዬ።»

እጄን በግራ ጎኗ ላይ አደረግሁ። እንደ ከበሮ ተወጥሯል።

«ከትናንት ወዲህ አላመሰኳችም» አሉኝ ቀስ ብለው። «ምን ይሆን?»

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ወንዙን፣ ቢላዬን፣ ያጠብኩትን ላስቲክ፣ ሁሉንም። ይጮሃሉ፣ ይረግሙኛል ብዬ ነበር። አልጮሁም። ሕፃኗን ከጀርባቸው አውርደው ደረታቸው ላይ አቀፏትና ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ያኔ ያውቁ ነበር፣ ጋሼ?»

«አውቅ ነበር» አልኩ።