እናቴ ያልቆጠረችው ልጅ

ዛሬ፣ በሠላሳ ዓመቴ፣ ታላቅ ወንድም እንደነበረኝ አወቅሁ።

ከቤታችን የመጀመሪያው ምሩቅ እኔ ነኝ። ሥራዬም ለጤና ጥናት ስንት ሕፃን እንደተወለደና ስንት እንደሞተ መቁጠር ነው።

ባለፈው ሳምንት የሟቾቹ ቁጥር አነሰብኝና አንዷን መረጃ ሰብሳቢ «ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ነው የሞላሽው» ብዬ ሰው ፊት አዋረድኳት።

«እናቶቹ ያሉኝን ነው የጻፍኩት» ብላ አለቀሰች።

ዛሬ የተወለድኩበት መንደር ኮሶዬ፣ እናቴ ዘንድ ሄጄ የጥናቱን መጠይቅ እሷ ላይ ሞከርኩት። (ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ፤ ኮርቼበትም ነበር።)

«እማ፣ ስንት ልጅ ወለድሽ?»

«አራት።»

«የሞተብሽስ?»

«የለም፣ ተመስገን።»

ታብሌቴን ስዘጋ፣ «ያ ክርስትና ሳይነሳ የሄደው እንደሁ አይቆጠር» አለች፣ ለራሷ እንደምታወራ።

«የቱ?»

«ካንተ በፊት የነበረው። አርባ ቀኑ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው።»

«ምነው ነግረሽኝ አታውቂም?»

«ስም ሳይወጣለት፣ ማን ብዬ ልንገርህ?»

መጠይቄ ውስጥ «ክርስትና ሳይነሳ የሞተስ?» የሚል ጥያቄ የለም። የኮሶዬ ልጅ ሆኜ ይሄ ጠፋኝ።

ነገ ያቺን መረጃ ሰብሳቢ በእነዚያው ሰዎች ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኳትን እናቴን ግን በምን አፌ?

እናንተስ ቤት ሳይቆጠር የቀረ አለ? እናቶቻችሁን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?