ከእንሰታችን ሥር ያለፈው ቱቦ

ባለፈው ሳምንት መናኸሪያው ጋ ቆሜ ቀረሁ። የፍሳሽ ቱቦ ሊቀብሩ ነው፤ አስፋልቱን ግን አልቆረጡትም። ማሽኑ ከወዲህ ገብቶ መሬቱን እየበሳ ማዶ ካለው ጓሮ ይወጣል፣ ቱቦውም በዚያው ይሳባል አሉ። አንድ ወጣት መሐንዲስ መሣሪያ ይዞ ከላይ እየተራመደ መሰርሰሪያው የት እንደደረሰ ይከታተላል። ይህን ሥራ እኔም ሠርቼዋለሁ፤ ያውም በጆሮዬ።

ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ጎረቤታችን መምህር ሄራሞ ሻወር ቤት ሠርተው እጣቢው መንገዱን ቢያጨቀየው ሰፈሩ አኮረፋቸው። ፍሳሹን ወደ ታች ለማውረድ በእኛ ጓሮ ማለፍ ግድ ሆነ። እናቴ ደግሞ «ጓሮዬ ተቆፍሮ የእንሰቴ ሥር አይበጠስም» አለች። እንሰት እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚጠበቅ ለሚያውቅ ሰው ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

መላውን ያመጡት የመምህሩ ወንድም ጋሽ ኤርጫፎ ናቸው፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ከጓሮው ወዲህና ወዲያ ጉድጓድ አስቆፍረው፣ የብረት ቱቦ በአንደኛው አጋድመው በመኪና ክሪክ ከኋላው ይገፉት ጀመር። የነሐሴ ዝናብ ያራሰው አፈር እሺ ይላል። እኔን የገረመኝ፣ አቅጣጫውን ማን ይነግረዋል የሚለው ነበር። እንሰቶቹ መሃል በደረቴ ተኝቼ ጆሮዬን መሬት ላይ ለጠፍኩ። ለካ ይሰማል፤ ብረቱ አፈሩን ሲፍቀው ጥርሴ ድረስ ይመጣል።

«የት ደረሰ?» ይላሉ ጋሽ ኤርጫፎ ከጉድጓዱ ውስጥ።

«አጭሩ እንሰት ጋ» እላለሁ ኮራ ብዬ።

ኋላ ድንጋይ ነካው መሰለኝ፣ ድምፁ ወደ ግራ ዞረ። በግራ በኩል የእናቴ ቆጮ እንዲብላላ የተቀበረበት ጉድጓድ አለ። የእህቴ አማቶች ለመስቀል ከሞርሲቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመጡብን ነው፤ የሚቀርብላቸው እዚያ ውስጥ ነው። እናቴ ገበያ ሄዳለች። ወንዶቹ ጉድጓዱ የት እንዳለ አያውቁም፤ የቆጮ ነገር የሴት ነው፣ ወንድ አይጠይቅም። ፈራሁ።

«ጋሼ፣ ያቁሙ።»

«ምን ሰማሽ?»

«ከፊቱ ቆጮ አለ።»

ክሪኩን እንደ ፍም ለቀቁት።

እናቴ ስትመለስ የቆጮውን ጉድጓድ የሸፈነውን የኮባ ቅጠል ገልጣ አየች። የጉድጓዱ ጎን ተሰንጥቋል፤ ቆጮው ግን ደህና ነበር።

«ምናለ ቀድማችሁ ብትጠይቁኝ?» አለች።

መምህር ሄራሞ አቀረቀሩ። «ቆጮሽ የት ነው ተብሎ ይጠየቃል?»

በማግስቱ እሷ እየመራች እንደ አዲስ ገፉት፤ ቱቦው በቦታው ወጣ። ለመስቀል ታዲያ ከአማቶቹ ይልቅ ቆጮውን የጨረሱት መምህር ሄራሞ ናቸው።

መሐንዲሱ አጠገቤ ሲደርስ «መሣሪያህ ከፊት ያለውንም ይነግርሃል?» አልኩት።

«የደረሰበትን ብቻ ነው እማማ። ከፊት ያለውን ቀበሌ ጠይቀናል።»

ማዶ ያለውን ጓሮ አየሁ፤ ከአጥሩ በላይ የእንሰት ቅጠል ይወዛወዛል። እናቴ ናፈቀችኝ። ስንት ዘመን አልፎ፣ ይህን ሁሉ ብረት አምጥተን፣ የጓሮዋን ባለቤት ዛሬም አልጠየቅናትም።

«የቤቱን እመቤትስ?» አልኩት።

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ገታና በእጁ ምልክት ማሽኑን አስቆመ። «ምን ብዬ ልጠይቃቸው?»

«ቆጮዎ የት ነው በላቸው።»