ከቁም ሳጥኑ ጀርባ

ዝናብ ሲያባራ ከተዘጋ ክፍል የሚወጣ የእርጥበት ሽታ አፍንጫዬን በነካው ቁጥር፣ ሞባይል ስልክ ገና በየሰዉ እጅ መግባት በጀመረበት ዘመን፣ ናይሮቢ ፓርክላንድስ ውስጥ የኖርንበት ያረጀ ፎቅ የታችኛው ቤት ይመጣብኛል። አባቴ አየር መንገድ ይሠራ ስለነበር ከአዲስ አበባ የተዛወርነው ለሱ ሥራ ነው። እኔና ታናሽ እህቴ ሶስና በጓሮ በኩል ባለው ክፍል፣ ከቁም ሳጥኑ አጠገብ ባለ አንድ አልጋ ላይ እንተኛ ነበር።

በመጋቢት ትልቁ ዝናብ ሲገባ፣ እናቴ ልትጠርግ ቁም ሳጥኑን ሳብ ብታደርገው ከጀርባው ያለው ግድግዳ እንደ ጥቀርሻ ጠቁሮ አገኘችው። አፏን በሻሽ ሸፍና በበረኪና ፈተገችው፤ ሳምንት ሳይሞላው ተመለሰ። አባቴ ለአከራያችን ቢደውልለት ቀለም ቀቢ ላከና ግድግዳው ነጭ ሆነ።

«ይኸው፣ አለቀ» አለ አባቴ።

«ተሸፈነ እንጂ መቼ አለቀ?» አለችው።

ከዚያ ብርዱ መጣ። በሰኔና በሐምሌ ፀሐይ ከደመና ስለማትወጣ፣ የታጠበ ዩኒፎርም ሳይደርቅ ይሸት ነበር፣ ያልተጫማነው ጫማ አረንጓዴ ሻጋታ ያወጣ ነበር፣ ጥቁሩም ነገር አዲሱን ቀለም ሰርስሮ ወደ አልጋችን አቅጣጫ ይሰፋ ነበር። ሶስና ማሳል ጀመረች። ጠዋት ስንነሳ ደረቷ ሲያፏጭ እሰማት ነበር፣ እያደርም ድምፁን ለመድኩት። አንድ ቀን ለትምህርት ቤት ስንለብስ ስሜን ልትጠራ ጀምራ መጨረስ አቃታት፤ ከንፈሯ ጠቆረ። እናቴ በባዶ እግሯ አቅፋት ወጥታ ታክሲ አስቆመች።

ሐኪሙ ኦክስጅን ካደረገላት በኋላ «ቤታችሁ እርጥበት አለው?» ብሎ ጠየቀ። እናቴ ዞራ አባቴን አየችው፤ እሱ ወለሉን ያይ ነበር።

ቢሆንም አባቴ «የኪራይ ውሉ እስኪያልቅ እንታገሥ» አለ፣ ታገሥን። በጥቅምት ትንሹ ዝናብ ሲጀምር ደግሞ ከላይኛው ቤት የሚወርደው ቧንቧ አፈሰሰና የክፍላችን ኮርኒስ እንደ ሆድ ተነፋ፤ ውሃው በአምፖሉ ገመድ እየተንጠባጠበ ይወርድ ጀመር። እናቴ መብራቱን አጥፍታ ማብሪያውን እንዳንነካ አስጠነቀቀችንና አልጋችንን እየጎተተች ሳሎን አስገባችው።

«አበዛሽው እኮ» አላት አባቴ።

«ይብዛ» አለች።

በዚያው ሳምንት፣ ቅዳሜ ምሳ እየበላን ሳለ፣ ከጓሮው ክፍል ጆንያ የወደቀ የሚመስል ከባድ ድምፅ ሰማን። አባቴ ሮጦ ሄደ፣ ተከተልነው። ኮርኒሱ ተንዶ፣ የራሰው ልስን አልጋው በነበረበት ቦታ ተከምሯል፤ ከላይ የተገለጠው እንጨት በሙሉ ጠጉር ያበቀለ ይመስል ነበር።

ሶስና የአባቴን እጅ ይዛ «እዚህ ተኝተን ቢሆንስ?» አለችው።

እሱም ወደ ሳሎን ገብቶ ልብሳችንን በሻንጣ ማጨቅ ጀመረ፤ ስለ ውሉም ዳግመኛ አላነሳም። ወዳጆቻችን ጋ ከርመን ኪሊማኒ የሚባል ሰፈር፣ አንድ ፎቅ ላይ ፀሐይ የሚገባው ቤት ተከራየን።

ዛሬ ሶስና ትልቅ ሴት ናት፤ የአስም መድኃኒቷ ግን ከቦርሳዋ አይለይም። እኔም የራሴ ቤት አለኝ፣ በብርድም ወቅት መስኮት እከፍታለሁ፣ ልጆቼ ያማርራሉ። አባቴ ጡረታ ወጥቷል። እሁድ እሁድ ሁላችን ስንሰበሰብ፣ ሶስና ስታወራ ወሬዋን ትቶ ትንፋሿን ሲያዳምጥ አየዋለሁ። ያኔ የምታዳምጣት እናቴ ብቻ ነበረች።